አሥራ ዘጠኝ ቀን ያለ አሳ

ቅዳሜ ጠዋት ቲቲሊያ ሊጡን ከነሳህኑ ይዛ ወጥታ ለጎረቤት አሳማ ስትደፋው በመስኮት አየኋት። ቲቲሊያ የልጄ የሴሜሳ ሚስት ናት። ለእሁድ ሻይ የሚሆነውን ዳቦ ሁልጊዜ ቅዳሜ በማለዳ ነው የምታቦካው፤ ሊጧ ደግሞ ኩፍ ብሎ ክዳኑን እስኪያነሳ ድረስ የሚነፋ ነው። በሌላው ሥራ እጇን ላማው እችላለሁ፣ በሊጥ ግን አላማትም። የዛሬው እንደ ጭቃ ተኝቶ ቀረ። ሁለት ኪሎ ዱቄት! እርሾው ትናንት የተገዛ፣ ውሃው ለብ ያለ፣ ቤቱም እንደ ሁልጊዜው የሚሞቅ። ወጣሁና “ለምን ትደፊዋለሽ? ቂጣ አድርጊው እንጂ” አልኳት። “ሸቷል፣ እማማ” አለችኝ ቀና ሳትል። አልሸተተም። አፍንጫዬ እስካሁን አልከዳኝም። ሰው ኩፍ ያላለ ሊጥ የሚደፋው ሌላ ሰው እንዳያይበት ነው።

እንዳያይበት የሚፈልገውም ምክንያት አለው። እኛ ዘንድ እርግዝና የአንዲት ሴት ብቻ ጉዳይ አይደለም። ይነገራል። መጀመሪያ ለባል፣ ከዚያ ለባል እናት፣ ከዚያ ለሰፈሩ ሴቶች፤ ሰሌን ይዘው ይመጣሉ፣ ሻይ ይጠጣል፣ አለቀ። የተደበቀ ሆድ ያለበት ቤት ግን ሊጡ አይነፋም፣ ከዚያ ቤት የወጣ አጥማጅም አሳ አይዝም። እኔ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድ አሳ አላወጣሁም። ዕድሜዬን በሙሉ በዚህች በሱቫ የባሕር ዳር ግንብ ላይ ተቀምጬ ሳጠምድ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። ዝናብ ይሆናል አልኩ፣ ጨረቃ ናት አልኩ፣ ማባበያው ነው ብዬ ከዶሮ አንጀት ወደ ሽሪምፕ ቀየርኩ። ዛሬ ሊጡን ሳይ ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ ገጠሙልኝ። ከዚያ ደግሞ ሌላው ሁሉ ትዝ አለኝ፦ ሰፋፊ ቀሚስ መልበስ ማብዛቷ፣ የቆርቆሮ አሳ ሲከፈት ወደ ጓሮ መውጣቷ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ከልብስ ስፌት ፋብሪካው በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በታክሲ መምጣቷ። በታክሲ! ዘጠኝ ዶላር! ያን ዕለት ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የጀመርኳት። “አውቶቡስ ጠፋ ወይስ እግርሽ ተሰበረ?” ብያት ነበር። “አሞኝ ነው” ብላ ገብታ ተኛች። ቁርጠት መስሎኝ ነበር።

አንድ ቃል ሳልናገር ገመዴን ይዤ ወጣሁ። ነገር ሲገባኝ ወዲያው የምናገር ሴት ነኝ፣ ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል፤ ይህን ግን መጀመሪያ ላላምጠው አልኩ። በአውቶቡሱ ውስጥም የማላምጠው ዋጋ ዋጋውን ነበር። አንድ ሰው ሲጨመር ስንት ሩዝ፣ ስንት ወተት፣ ስንት ሳሙና። አንድ ክምር ካሳቫ አምስት ዶላር የነበረው ዛሬ አሥር ሆኗል፤ ክምሩም ክምር መሆኑ ቀርቶ እንደ ሽማግሌ ጥርስ እዚህም እዚያም ነው። ጎደሬማ የሀብታም ምግብ ሆኗል፣ በሩቁ ነው የምንሳለመው። የጋዙን ነገር አታንሱብኝ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የቆርቆሮ አሳ ነው። ለአጥማጅ ሴት የቆርቆሮ አሳ መግዛት ማለት ለሸማኔ ሚስት ልብስ መለመን ማለት ነው። እነዚያን አሥራ ዘጠኝ ቀናት ከግንቡ ስመለስ ሱቅ ጎራ እያልኩ አንድ አንድ ቆርቆሮ ገዝቼ ከካሳቫው ሥር እደብቀው ነበር፣ የሰፈር ሰው እንዳያይ። ሴሜሳ ወደብ ላይ ጭነት ሲሸከም ውሎ ይመጣና ዝም ብሎ ይበላል። ቲቲሊያም ዝም ትላለች። እኔ ግን ዝም አልልም፤ ዋጋውን በየጉርሻው መሃል እጠራዋለሁ። አንድ ሰው መጥራት አለበት፣ አለበለዚያ የሚበሉት ነገር ከሰማይ የወረደ ይመስላቸዋል። አምና ዱቄት ሲወደድም ሁለቱን ልጆቻቸውን ወደ ኮሮ ደሴት፣ ወደ ቲቲሊያ እናት እንላካቸው ያልኩት እኔ ነኝ። እዚያ ጎደሬው ከመሬት ነው፣ ኮኮናቱ ከዛፍ ነው፣ ማንም አይሸጥላቸውም። ትክክል ነበርኩ። መርከቡ ሲነሳ ቲቲሊያ አላለቀሰችም፤ እኔም ተስማማች ብዬ ነበር።

ግንቡ ላይ ስደርስ ዲሬንድራ እንደ ልማዱ ወንበሩን ዘርግቶ፣ ባለ ማጠንጠኛ ዘንጉን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። ጡረታ የወጣ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ሃያ ዓመት ጎን ለጎን አጥምደናል፣ ሃያ ዓመት ተሰዳድበናል። ከእሱ ወዲያ የሰፈሬ ሰው ማካሬታ ተቀምጣለች፤ የእሷ ምላስ ከእኔ ቢያጥር ነው እንጂ አይሰንፍም።

“መጣሽ?” አለኝ ዲሬንድራ። “አሳዎቹ ስለ አንቺ ሲጠይቁ ነበር።”

“ምን አሉ?”

“‘ያቺ በነፃ የምታበላን ሴትዮ የት ቀረች’ አሉ።”

“አንተ በአራት መቶ ዶላር ዘንግ ባዶ ባልዲ ይዘህ ትገባለህ” አልኩት። “የእኔ ባዶነት ቢያንስ ርካሽ ነው።”

ርካሽ ነው አልኩ እንጂ እሱም ድሮ ቀረ። እኔ ዘንግ የለኝም፤ ገመዴን ፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ ጠቅልዬ በእጄ ነው የምወረውረው፤ ማስመጫውም የዛገ ብሎን ነው። ብሎኑን መንገድ ላይ አገኘዋለሁ፣ ጠርሙሱን አገኘዋለሁ፤ ገመድና መንጠቆ ግን መንገድ ላይ አይገኝም። ባሌ በሕይወቱ ሳለ የገዛው ገመድ ዐሥር ዓመት አገልግሎኛል። የዛሬው ናይለን ግን ወር ሳይሞላው ፀሐይ ይበላዋል፣ እንደ ደረቀ ፀጉር ይሰባበራል። መንጠቆው ደግሞ የባሰ ነው። ድሮ አንዱን መንጠቆ ከድንጋይ ጋር ብታጋጩት ድንጋዩ ነው የሚያዝነው። አሁን በፓኬት ሃያ ሆኖ ይመጣል፣ ያብረቀርቃል፣ ላዩ ላይ አሳ ተሥሏል፤ ጽሑፉን ማንበብ አልችልም፣ ሥዕሉን ግን አያለሁ፣ ያ ሥዕሉ ላይ ያለው አሳ በዚያ መንጠቆ የተያዘ አይደለም።

ዲሬንድራ መንጠቆዬን ተቀበለኝና ወደ ፀሐይ ይዞ አየው። “ይሄ ምንድን ነው? የፀጉር መያዣ ነው? ቪሊማይና፣ ልንገርሽ፣ ባሕሩ አይደለም የከዳሽ። መርከቦቹ ጭቃውን እያመሱት አሳው ወደ ጥልቁ ሄዷል፤ የሚመጣው ትልቅ ትልቁ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ይሄን ቀጥ አድርጎት ይሄዳል።”

“ዛሬ ሊጣችንም አልነፋም” አልኩ፣ ለእሱ ሳይሆን ለማካሬታ።

ማካሬታ ገመዷን መጠቅለል አቆመች። “ሊጡም?”

“ሊጡም።”

“እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ? ቲቲሊያ ናት!”

“ሊጥና አሳ ምን አገናኛቸው?” አለ ዲሬንድራ።

“አንተ ነዳጅህን ቅዳ” አለችው ማካሬታ። “አንቺ፣ ስንተኛ ወሯ ነው?”

“እኔ ምን አውቄ? አልነገረችኝም።”

“ይሄ ጥሩ አይደለም። ተደብቆ ከቆየ ለልጁም ጥሩ አይደለም። እሷ ካፈረች የባል እናት ትናገራለች፤ አማት የተፈጠረችው ለምን ሆነና?”

እውነቷን ነው። እዚያው ተነሳሁና ፊቴን ወደ ባሕሩ አዙሬ፣ “ስሙ! የሴሜሳ ሚስት ቲቲሊያ አርግዛለች! የልጅ ልጅ ይመጣልኛል!” ብዬ ጮህኩ። በግንቡ ላይ የሚሮጡት ወጣቶች ዞር ዞር አሉ። ማካሬታ ስልኳን አወጣች። ዲሬንድራ ራሱን ነቀነቀና፣ “እንኳን ደስ አለሽ፣ አንቺ እብድ” አለኝ።

ገመዴን ወረወርኩ። ብሎኑ ታች መሬት ከመንካቱ ጣቴ ላይ ተሰማኝ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ያጣሁት ነገር፣ እንደ ሕፃን ልጅ እጅ ሳብ፣ ልቀቅ፣ ሳብ። ከዚያ አንዴ ጎተተኝ፤ ገመዱ መዳፌን ሰንጥቆት አለፈ፣ ጉልበቴ ግንቡን መታ፣ ማካሬታ ወገቤን ያዘችኝ። ጀርባው ውሃው ላይ ሲገለበጥ አየሁት፤ ክንድ የሚያህል ነው። ወዲያው ደግሞ ቀለለኝ። ስስበው መንጠቆው እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ መጣ።

“አላልኩሽም? መንጠቆው ነው!” አለ ዲሬንድራ።

“አላልኩህም? ሆዱ ነው!” አልኩት እኔ። ሦስታችንም በሳቅ ፈረስን። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከባሌ ሞት ወዲህ እንደዚያ የሳቅኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ነው የሄድኩት። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ለመብራት የተቀመጠ ነበር። ከመደርደሪያው ላይ ጥሩውን ገመድ አወረድኩ፣ ያንን ላለፉት ሁለት ዓመታት በመስታወት ውስጥ እያየሁ የማልፈውን፣ ሃያ ስድስት ዶላር። መንጠቆውንም ወፍራም ጥቁሩን፣ አምስቱን ብቻ። ባለሱቋ ሴት ታውቀኛለች፣ በዋጋ ስትከራከረኝ ኖራለች። “ዛሬ ሳይጮሁብኝ?” አለችኝ። “ቤቴ ስድስተኛ ሰው እየመጣ ነው” አልኳት። “ስድስት ሰው በፀጉር መያዣ አይመገብም።” ስድስት ያልኩት ኮሮ ያሉትን ሁለቱን ቆጥሬ ነው። የቆጠራቸው አፌ ነው እንጂ እኔ አልነበርኩም። አውቶቡስ ውስጥ ግን ደጋግሜ ቆጠርኳቸው። በዚህ ገመድ በሳምንት አራት ቀን ብወጣ፣ ግማሹን ብሸጥ፣ ግማሹን ብናበስል፣ ሁለቱንም ማምጣት ይቻላል። መብራቱ ይጥፋ፤ ድሮም በኩራዝ ነው ያደግነው። ትልቁ ልጅ አሁን ጥርሱ ይወልቃል፣ ማንም ሳያየው። እንዲህ እያሰብኩ ፌርማታዬን አለፍኩት።

ቤት ስደርስ ደጃፉ ላይ የተደረደረው ነጠላ ጫማ ብዛት አስደነገጠኝ። ወሬ ከአውቶቡስ ይፈጥናል። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች፣ የወዲያ ማዶዋ ባለ ሱቅ፣ ማካሬታ ራሷም ከእኔ ቀድማ ገብታለች። ሦስት አዲስ ሰሌን ተነጥፏል፣ ዳሩ በቀይ ክር የተጠለፈ፣ የሕፃን መጠቅለያ ጨርቅ ላዩ ላይ ተቀምጧል። ቲቲሊያ መሃል ተቀምጣ ሻይ ትቀዳለች። “እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት!” አሉኝ በአንድ አፍ። ላይኛው የክብር ቦታ ተለቀቀልኝ፣ ተቀመጥኩ፣ ወሬውንም ጀመርኩ። ስለ ሊጡ አወራሁ፣ ስለ ግንቡ አወራሁ፣ መንጠቆው እንዴት ቀጥ እንዳለ በእጄ አሳየኋቸው፣ አዲሱን ገመድ ከቦርሳዬ አውጥቼ ከእጅ ወደ እጅ አዞርኩት። “ይሄን የደበቀችው እኔን ልታስደንቀኝ ብላ ነው” አልኩ፤ ሴቶቹ ሳቁ። ቲቲሊያ ለእያንዳንዷ ሴት በሁለት እጇ ስኒ እየሰጠች፣ “አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ” ትላለች። አንድ ጊዜ ብቻ አንዷ አሮጊት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ልትባርካት ስትል የሻይ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ወደ ጓዳ ተነሳች። ውሃ ልትጨምር መሰለኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ አወራሁ።

ሴቶቹ ሲሄዱ ስኒዎቹን ሰበሰበች፤ አጠበች፤ አደረቀች። ከዚያ ሰሌኖቹን አንድ በአንድ መጠቅለል ጀመረች። “ተያቸው፣ ይነጠፉ፤ ሴሜሳ ሲገባ ይያቸው” አልኳት።

“የለም፣ እማማ” አለችኝ።

“ምኑ?”

“ልጁ። የለም። በታክሲ የመጣሁ ቀን ነው።”

 አዲሱን ገመድ ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት። እሷ ሰሌኑን እየጠቀለለች ነገረችኝ፤ አራት ወሩ ነበር፤ ከስፌት መኪናው ላይ ተነስታ መጸዳጃ ቤት ገባች፤ አለቃዋ በሩን እያንኳኳች “ስንት ደቂቃ ነው?” ትላለች። ጓደኛዋ ናት የታክሲውን ሒሳብ የከፈለችላት። እኔ በዘጠኝ ዶላር ስጮህባት ዘጠኙ ዶላር እንኳን ከቤታችን አልወጣም ነበር።

“ታዲያ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት ለምን ዝም አልሽ?” አልኳት። ድምፄ እንደ ልማዱ ቁጣ ሆኖ ወጣ፣ ሌላ ድምፅ የለኝም።

“ምን ልበላቸው? ሰሌን ይዘው መጡ። ‘ማን ነገራችሁ?’ ስላቸው ‘አማትሽ’ አሉኝ። እርስዎን በሰው ፊት ውሸታም ላድርግዎት?”

“መጀመሪያስ ለምን ደበቅሽው?”

ሰሌኑን ጠቅልላ ጨረሰች፤ በክር አሰረችው፤ ቋጠሮውን አጠበቀችው። ሁለተኛውን አነሳች። 

“ሁለቱን ለዱቄት ሲሉ ላኩብኝ። ይሄኛውን ደግሞ ለምኑ ሲሉ ይልኩብኝ ይሆን እያልኩ ነበር። በየማዕዱ ዋጋ ሲጠሩ ሆዴን በጠረጴዛው ሥር ይዤ ነበር የምሰማው። መነገሩ አይቀርም። እስከዚያው ትንሽ ጊዜ የኔ ብቻ ይሁን ብዬ ነው።”

የተደበቀ ሆድ አሳ ይከለክላል ይላሉ፤ የተደበቀ ሐዘንም እንደሚከለክል ግን እስከዚያች ሰዓት ማንም አልነገረኝም ነበር። ወይም ዲሬንድራ እንዳለው መንጠቆው ይሆናል። እኔ ምን አውቃለሁ። ትክክል ነበርኩ ብዬ ያልኩትን ሁሉ ከዚያ ወዲህ አንድ በአንድ እያነሳሁ አየዋለሁ።

“ሴሜሳ ያውቃል?”

“አያውቅም። ለእሱ የምነግረው እኔ ነኝ።” ሦስቱን ሰሌን አንስታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው፣ መጠቅለያውን ጨርቅ ከላይ። “ለእነሱ ግን እርስዎ ይንገሯቸው። እርስዎ ነዎት የነገሯቸው።” ቤቴ ከገባች ስድስት ዓመት፣ አንድ ሥራ አዝዛኝ አታውቅም።

እኛ ዘንድ የተሰጠ ሰሌን አይመለስም፤ መመለስ ስድብ ነው። ሦስቱንም ትከሻዬ ላይ አድርጌ በከሰዓት ፀሐይ ወጣሁ። መጀመሪያ የገባሁት ማካሬታ ቤት ነው። በሩ ላይ፣ ልጆችና ምራቶች የሚቀመጡበት ዝቅተኛው ቦታ ላይ፣ መሬት ተቀመጥኩ። “ምነው? ከፍ በይ እንጂ፣ ቦታሽ ነው እዚያ?” አለችኝ። “እዚሁ ይሻለኛል” አልኳትና ሰሌኗን ፊቷ አስቀመጥኩ። እዚያ ቤት ብዙ አወራሁ፤ ፋብሪካውን ወቀስኩ፣ አለቃዋን ረገምኩ፣ የኑሮ ውድነቱንም አነሳሁ። ማካሬታ አለቀሰች፤ እኔም ንግግሬ ያምር እንደነበር ተሰማኝ። ውጭ ስወጣ አፈርኩ። ሁለተኛው ቤት ፋብሪካውን ብቻ ወቀስኩ። በመጨረሻዋ በር ላይ፣ በዚያች በአሮጊቷ ቤት፣ “ልጁ የለም። የደበቀችው የእኔን አፍ ፈርታ ነው። ሰሌንሽን ተቀበይኝ” አልኩ፣ ሌላ አልጨመርኩም። አሮጊቷ ሰሌኑን ተቀበለችኝና ለረጅም ጊዜ እጇን ጭንቅላቴ ላይ አድርጋ ቆየች። እኔ በዕድሜ እበልጣታለሁ።

ስመለስ የሴሜሳ ጫማ ደጃፉ ላይ ነው፤ ጭቃው ገና አልደረቀም። በሩ ገርበብ ብሏል። አልገባሁም፣ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። በሰፈራችን ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፣ አንዱ ሲያስል ጎረቤቱ “ይማርህ” ይላል፤ ስጮህ የኖርኩትን ሁሉ ሰምተውታል። መጀመሪያ የቲቲሊያን ድምፅ ሰማሁ፣ ዝቅ ያለ፣ አጭር።  ከዚያ ልጄ፣ ያ በሁለት ትከሻው ስሚንቶ የሚሸከም ሰው፣ የሕፃን ልጅ ድምፅ አወጣ። ያን ጊዜ ማካሬታ ቤት ሬዲዮ ተከፈተ፣ ከፍ ተደረገ። ቀጥሎ ከወዲያ ማዶ። ቀጥሎ ከጀርባችን። ሁሉም ጣቢያው የተለያየ ነው፤ አንዱ ዜና፣ አንዱ መዝሙር፣ አንዱ የራግቢ ጨዋታ። ማንም ደጁ ላይ አልወጣም፤ በየቤቱ ሬዲዮውን እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ ልጆቼ ብቻቸውን እንዲያለቅሱ ተዉአቸው።